በአሮጌ የጦር ፎቶግራፎች ላይ የወታደር ምልክቶችን መለየት

በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ የቆመ ወታደር የት እና መቼ እንደዘመተ ከሚያመለክቱት ነገሮች ዋናዎቹ የቆብ አርማ፣ የትከሻ ምልክት፣ የማዕረግ መለያና ኒሻን ናቸው። በሞርሲቶ፣ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ የአባት ወይም የአያት የዘመቻ ፎቶ ያለው ቤተሰብ ግን በመጀመሪያ ጀርባውን ይመልከት። ብዙ ስህተት የሚፈጠረው በዘመን አቆጣጠር ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈው 1944 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን የኮሪያ ዘመቻ ዓመት ነው።

ቀጥሎ ፎቶው ሲታተም አለመገልበጡ ይረጋገጥ። ኒሻን የሚንጠለጠለው በግራ ደረት ነው፤ የወንድ ኮትም ግራው ወገን በቀኙ ላይ ተደርቦ ይቆለፋል። ሁለቱም ተዛውረው ከታዩ ፎቶው ተገልብጧል። ቀለምም ያታልላል፤ የድሮ ፊልም አብዛኛው ቀይን ስለማይቀበል ቀይ ጨርቅ ጥቁር፣ ሰማያዊውም ነጣ ብሎ ይወጣል።

በ1928ቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የጣሊያን ጦርነት አብዛኛው የኢትዮጵያ ዘማች የደንብ ልብስ አልነበረውም። ጎፈር የደፋ ሰው ከመኳንንት ወገን ወይም ስመ ጥር ጀግና ነው፤ ካኪ ለብሶ በባዶ እግሩ የተሰለፈው ደግሞ ክቡር ዘበኛ ሊሆን ይችላል። በጣሊያን ወገን፣ አንገትጌው ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ያደረገው የመደበኛው ጦር ወታደር ነው። ጥቁር ሸሚዝ የሚባሉት የፋሺስት ሚሊሻዎች በኮከቡ ፋንታ መጥረቢያ የተሰካበት የበትር እስር ያደርጉ ነበር። ለጣሊያን የተሰለፈው የቅኝ ግዛት ወታደር፣ አስካሪ፣ በረጅም ታርቡሹና በሻለቃው ቀለም በተሠራው ፋሻው ይለያል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ የሚነበብበት የቃኘው ሻለቃ ፎቶ ነው። ሻለቃው በ1943 ወደ ኮሪያ ዘምቶ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋግቷል። የክፍለ ጦሩ ምልክት በቀይ ክብ ላይ ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ሁለቱ ቀለሞች ተቀላቅለው ጥቁር ክብ ብቻ ስለሚመስሉ አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ግን ወዲያው ይታወቃል፤ ጥብጣቡ 9 ሰማያዊና 8 ነጭ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ለኢትዮጵያውያኑ የተሰጠው በአማርኛ ተቀርጾ ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት የክፍል ሽልማት አግኝቷል። ሽልማቱ በወርቃማ ክፈፍ የተያዘ ሰማያዊ ጥብጣብ ሲሆን በአሜሪካኖች ደንብ የሚደረገው በቀኝ ደረት ነው። ስለዚህ በቀኝ በኩል ምልክት ስለታየ ብቻ ፎቶው ተገልብጧል አይባልም።

ለኋለኛው ዘመን ዘውዱ ጥሩ መለያ ነው። ዘውድ የጫነ አንበሳ የንጉሡን ዘመን ያመለክታል፤ ከ1967 በኋላ ደርግ ዘውዱን አስወግዷል። ሆኖም አሮጌ ልብስና ትጥቅ ለዓመታት ስለሚያገለግል በአንድ ምልክት ብቻ መፍረድ አይገባም።

አርማ የጦር ክፍሉን እንጂ የሰውየውን ስም አይናገርም። ስሙን፣ የዘመተበትንና አብረውት የቆሙትን የሚያውቁ አዛውንት ዛሬውኑ ይጠየቁ፤ መልሳቸውም በፎቶው ላይ ሳይሆን በተለየ ወረቀት ተጽፎ ከፎቶው ጋር ይቀመጥ።