ያውቁ ኖሯል? ሰዋስው በቡና ጆንያ ላይ!

ያውቁ ኖሯል? የሊሙ ቡና በእንግሊዝኛ «ዋሽድ»፣ በጅማ ስም የሚሸጠው ደግሞ በብዛት «አንዋሽድ» እየተባለ ለዓለም ገበያ ይቀርባል። ሁለቱም ቃላት ፓስት ፓርቲሲፕል፣ ማለትም ከግሥ ወጥተው እንደ ቅጽል የሚያገለግሉ ናቸው! «ሰን ድራይድ» የሚባለው ጀንፈልም ሳይቀር! የጅማዎቹ የጎማና የማና ወረዳዎች ቡና ነጋዴ ቀኑን ሙሉ በፓርቲሲፕል ሲገበያይ ይውላል!

«ግራውንድ ኮፊ» የሚለውን አንብበው መሬት ትዝ ብሎዎት ያውቃል? ቃሉ ከመሬት ጋር አይዛመድም! የ«ግራይንድ» ፓስት ፓርቲሲፕል ነው፤ የተፈጨ ማለት!

አማርኛም የፓርቲሲፕል ዘመድ አለው፤ ቦዝ አንቀጽ ይባላል። ለቅማ፣ አጥባ፣ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ ጠጣች። አምስት ቦዝ በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ! እንዴት ያለ ቋንቋ ነው!

እንግሊዝኛው «ሮስቲንግ» የሚቆላው ሴት ይሁን ወንድ፣ አንድ ይሁኑ ብዙ፣ ትንፍሽ አይልም! የእኛው ቆልቶ፣ ቆልታ፣ ቆልተው፣ ቆልቼ እያለ ባለቤቱን ይናገራል!

ከዚህ የሚመጣውን ጉድ ይስሙ! «ተቆልቶ፣ እናቴ ቡናውን አፈላች» ቢሉ ማንም አይሳሳትም፤ «ተቆልቶ» ወደ ቡናው እንጂ ወደ እናት አይሄድም። በእንግሊዝኛ ግን የፓርቲሲፕል ሐረግ ዓረፍተ ነገሩን ሲከፍት ከኮማው ቀጥሎ ያለውን ባለቤት ይይዛል። «ሮስትድ ኦን ኤ ፓን፣ ማይ ማዘር…» ብለው ከጀመሩ ምጣድ ላይ የተቆሉት እናትዎ ናቸው! ከኮማው በኋላ «ዘ ኮፊ» ይበሉ፤ እናትም ይተርፋሉ!

ሼክስፒርም አላመለጠም! ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ሐምሌት» የሟቹ ንጉሥ መንፈስ ተኝቶ ሳለ እባብ ነደፈው መባሉን ይናገራል። የእንግሊዝኛው አገባብ በሰዋስው ሚዛን ቢመዘን ግን የተኛው እባቡ ነው!

አጋሮ ውስጥ አንድ ተማሪ ሰልችቶት «አይ አም ቦሪንግ» ቢል ምን አለ? «እኔ አሰልቺ ነኝ»! «ቦርድ» ማለት ነበረበት። በአንዲት ቅጥያ ጥፋቱ ከመምህሩ ወደ ራሱ ዞረ!

ቅርጹን የማይለውጥ ግሥም አለ፤ «ፑት» ትናንትም «ፑት»፣ ፓስት ፓርቲሲፕሉም «ፑት»! «ካት»ም እንደዚሁ!

«ፍሬንድ» የሚለው ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ ፓርቲሲፕል ነበር፤ የሚወድ ማለት! ባላጋራው «ፊንድ» ደግሞ የሚጠላ! ያኔ የፓርቲሲፕሉ ቅጥያ «ኢንግ» ሳይሆን «ኤንዴ» ነበር!

በ1992 ዓ.ም. ወደተመሠረተው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ጎራ ይበሉ። «ስቱደንት» በላቲን የሚያጠና፣ «ፕሬዚዳንት» ከፊት የሚቀመጥ፣ በሆስፒታሉ የተኛው «ፔሸንት» ደግሞ የሚሰቃይ! ሦስቱም የላቲን ፓርቲሲፕሎች ናቸው፤ አንዱ ይማራል፣ አንዱ ይመራል፣ አንዱ ይታከማል!