«እኔ» የሚባለው ሰው ከየት ይመጣል? የዘመኑ የጃፓን ልብ ወለድ ምን ይላል

ኬይኮ ፉሩኩራ 36 ዓመቷ ነው። አላገባችም፤ ቋሚ ሥራም ይዛ አታውቅም። ከተማሪነቷ ጀምሮ 18 ዓመት ሙሉ፣ ጃፓኖች «ኮንቢኒ» በሚሉት ሌት ተቀን በማይዘጋ ሱቅ ውስጥ በሰዓት እየተከፈላት ትሠራለች። አነጋገሯን ከሥራ ባልደረቦቿ ትቀዳለች። የአንዷን ጫማ ማርክ በስውር አይታ፣ እሱኑ ሳይሆን የሚመሳሰለውን ትገዛለች። ሌሎች ሲናደዱ አብራ ትናደዳለች፤ እንዲያ ስታደርግ ደስ እንደሚላቸው ደርሳበታለች።

ይህች ሴት የሳያካ ሙራታ «ኮንቢኒ ኒንገን» የተባለ ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ናት። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2016 አኩታጋዋ የተባለውን ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል፤ በጃፓን ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ሙራታ ራሷም እንዲህ ባሉ ሱቆች ለዓመታት ሠርታለች።

አንባቢ ከዚህ ሁሉ ኩረጃ ሥር እውነተኛዋ ኬይኮ ተደብቃለች፣ መጨረሻ ላይ ብቅ ትላለች ብሎ ይጠብቃል። ሙራታ ግን ያችን ሴት አታወጣም። ኬይኮ የታፈነ ፍቅር የላትም፤ የተቀበረ ሕልምም የላትም። ልጅ ሳለች የሞተች ወፍ ወድቃ ሲያገኙ ሌሎቹ ልጆች አለቀሱ፤ እሷ ግን አባቷ የወፍ ጥብስ ስለሚወድ ጠብሰን እንብላት አለች። ቤተሰቧ «እንዴት ትድናለች?» እያለ ይጨነቃል። የሱቁ መመሪያ እጇ ሲገባ ነው፣ ምን ማለትና ምን ማድረግ እንዳለባት ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የተነገራት።

ይህ ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ የሚገባን የቀደመውን የጃፓን ሥነ ጽሑፍ ስናስብ ነው። ታያማ ካታይ እ.ኤ.አ. በ1907 ያሳተመው «ፉቶን» ተማሪውን የተመኘ የአንድ ባለትዳር ደራሲ ገመና ነው፤ የተቀዳውም ከካታይ ከራሱ ሕይወት ነበር። ከዚያ ወዲህ ደራሲው ጓዳውን እንደ ንስሐ የሚዘረግፍበት «ሺሾሴትሱ» የተባለ የልብ ወለድ ዓይነት ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣው የኦሳሙ ዳዛይ «ኒንገን ሺካኩ» ውስጥም ዋናው ገጸ ባሕርይ ዮዞ ሰውን አጥብቆ ስለሚፈራ ቀልደኛ መስሎ ይኖራል። ጭምብል አድርጓል፤ ግን ከጭምብሉ ጀርባ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ፣ ማስታወሻውን የሚጽፈውም እሱ ነው። ኬይኮ ዘንድ ስንደርስ ከጀርባ የሚጠብቀን ሰው የለም።

ታዲያ «እኔ» የሚባለው ምንድን ነው? በ23 ዓመቱ፣ ገና ተማሪ ሳለ አኩታጋዋን ያሸነፈው ኬይቺሮ ሂራኖ እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚህ ጥያቄ ልብ ወለድ ያልሆነ መጽሐፍ ጽፎለታል። በእሱ አስተሳሰብ ከእናቴ ጋር ያለሁት እኔ፣ ከአለቃዬ ጋር ያለሁት እኔ፣ ከወዳጄ ጋር ያለሁት እኔ ሁሉም እውነተኞች ናቸው። አንዱ ዋና፣ ሌሎቹ ማስመሰያ አይደሉም፤ ሰው ማለት የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው። ሐሳቡ ተግባራዊ ፋይዳም አለው፤ ትምህርት ቤት የሚሰቃይ ልጅ የተጠላው አንዱ ማንነቱ እንጂ ሁለመናው እንዳልሆነ ያስተምረዋልና።

ሂራኖ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2018 «አሩ ኦቶኮ» በተባለው ልብ ወለዱ ፈትኖታል። ሪዬ የምትባል ሴት ሁለተኛ ባሏ ዛፍ ሲቆርጥ በአደጋ ይሞትባታል። ወንድሙ ለሐዘን መጥቶ ፎቶውን ሲያይ «ይሄ የኔ ወንድም አይደለም» ይላል። ሟቹ የኖረው በሌላ ሰው ስምና የሕይወት ታሪክ ነበር። የጃፓናውያን ልደት፣ ጋብቻና ሞት፣ እ.ኤ.አ. በ1872 በመላ አገሪቱ በተዘረጋው «ኮሴኪ» በሚባል የቤተሰብ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መዝገብ መቀያየር እንግዲህ ሕይወት መቀያየር ነው። ጉዳዩን የሚመረምረው ጠበቃ ኪዶ ራሱ ትውልዱ ከኮሪያ በመሆኑ፣ በወረቀት ጃፓናዊ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ የማይታመን ሰው ነው። ሟቹ ማን እንደነበረ ለአንባቢ ልተው። ሪዬን የሚያስጨንቃት ግን ሌላ ነው፤ ያለፈ ታሪኩ ውሸት ከነበረ፣ አብረን የኖርነው ኑሮስ?

በእኔ ግምት የሂራኖ ሐሳብ ያጽናናል፤ ግን ለመምረጥ አቅም ላለው ሰው ነው። ከብዙ ማንነቶቼ በደስተኛው ልኑር ለማለት መጀመሪያ ብዙ ሊኖሩ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2021 በ21 ዓመቷ አኩታጋዋን ያሸነፈችው ሪን ኡሳሚ የጻፈችላት ወጣት አካሪ ያላት አንድ ብቻ ነው፤ የአንድ ዘፋኝ አድናቂነቷ። ዘፋኙ አንዲትን አድናቂ መታ ተብሎ ሲወገዝ የእሷም ሕይወት አብሮ ይናዳል።

አንዳንዱ ይህን ሁሉ «ጃፓኖች ከግለሰብ ይልቅ ለቡድን ያደላሉ» ብሎ ይዘጋዋል። አያስኬድም። ናትሱሜ ሶሴኪ ገና እ.ኤ.አ. በ1914 ለተማሪዎች ስለ ግለሰብነት ሰፊ ንግግር አድርጓል። ኬይኮም ብትሆን ቡድኑን አጥብቃ ይዛለች፤ የሚገፋት እሱው ነው። ሺራሃ የሚባል ሰነፍና ተሳዳቢ ሰው ቤቷ ስታስገባ ግን እህቷም የሥራ ባልደረቦቿም ይፈነድቃሉ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እንኳ አጥብቆ የሚጠይቅ የለም፤ ወንድ መሆኑ በቂ ነው።

እንግሊዝኛ የምታነቡ «ኮንቢኒ ኒንገን»ንም «አሩ ኦቶኮ»ንም በትርጉም ታገኟቸዋላችሁ። በሙራታ ጀምሩ፤ አጭር ነው፣ ያስቃልም። የሂራኖው እ.ኤ.አ. በ2022 ፊልም ሆኗል፤ ፊልሙን ከማየታችሁ በፊት ግን መጽሐፉን አንብቡ።