ካራኦኬ ለመጨመር ሙሉ ሴት መግዛት አያስፈልግም

ሳቢያን ውስጥ ሳሎኑን በውድ ሆም ቴአትር ያደራጀ ሰው ካራኦኬ ሊጨምርበት ቢያስብ፣ መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ አዲስ ሴት መግዛት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ተለቆ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ገደማ ካሻቀበ ወዲህ ግን እንዲህ ያለው ወጪ ኪስ ይጎዳል።

የሚጎድለው አንድ ነገር ነው። አብዛኛው የሆም ቴአትር ሪሲቨር የማይክሮፎን መሰኪያ የለውም። ይህንን ኤኮ ያለው አነስተኛ የካራኦኬ ሚክሰር ይተካዋል። ሙዚቃውና የዘፋኙ ድምፅ ሚክሰሩ ላይ ተደባልቀው በገመድ ወደ ሪሲቨሩ ይገባሉ። የብሉቱዝ ማይክሮፎን ድምፅ ስለሚያዘገይ ባለ ገመድ ወይም የዩኤችኤፍ ማይክሮፎን ይመረጣል።

ዋናው ስጋት ማይክሮፎን ወደ ስፒከር ሲጠጋ የሚፈጠረው ፉጨት ነው። ፉጨቱ ቱዊተር ሊያቃጥል ይችላል፤ የጥሩ ስፒከር ቱዊተር ደግሞ ከሚክሰሩ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ ዘፋኙ ከስፒከሮቹ ፊት አይቁም፤ የማይክሮፎኑ ድምፅም ከዝቅተኛ ተነስቶ ቀስ በቀስ ይጨመር።

ነጋዴውም ሚክሰር፣ ማይክሮፎንና ገመድ አዛምዶ፣ ገዢው ፊት ሞክሮ ቢሸጥ ይጠቀማል። በሙሉ ሴት ላይ ብዙ ካፒታል ከማሰር ይህ ቶሎ ይሸጣል።