በነጥቦች መካከል ስለ ተሰወረ ቅርጽ

ኹለቱ ዐይኖቻችን በ6.5 ሳንቲ ሜትር ያህል የተራራቁ ስለ ሆኑ፣ አንዱን ነገር የሚያዩት ከየራሳቸው አቅጣጫ ነው። ቻርልስ ዊትስቶን በ1838 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ለየዐይኑ የተሣሉ ኹለት ሥዕሎችን በመስተዋት አገናኝቶ፣ ጥልቀት ከዚህ ልዩነት እንደሚገኝ አስረዳ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ቀረ፤ ይኸውም አእምሮ ጥልቀትን የሚያውቀው አስቀድሞ ቅርጹን ለይቶ ነውን? የሚል ነው። ለዚህ ቤላ ዩሌስ በቤል ላቦራቶሪ በኮምፒዩተር የሠራውን መልስ በ1960 አሳተመ።

ይህንኑ በቤታችን ኮምፒዩተር ልንፈትነው እንችላለን። 100 በ100 የሆነ ሠንጠረዥ አዘጋጅተን እያንዳንዱን ነጥብ በዕጣ ጥቁር ወይም ነጭ እናደርጋለን፤ ይህ ለግራ ዐይን ነው። ቀጥሎ በግልባጩ ላይ መካከለኛውን 40 በ40 አራት ማዕዘን በ4 ነጥብ ወደ ግራ እንገፋለን፤ በስተቀኙ ባዶ የቀረውን በአዲስ ዕጣ እንሞላለን፤ ይህም ለቀኝ ዐይን ነው። የመጀመሪያውን በቀይ፣ ኹለተኛውን በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ደራርበን፣ ግራው ቀይ ቀኙ ውሃ ሰማያዊ በሆነ መነጽር እንመለከታለን።

እያንዳንዱ ሥዕል ለብቻው ከነጥብ ብዛት በቀር ምንም አያሳይም፤ በኹለት ዐይን ሲታይ ግን አራት ማዕዘኑ ወደ ፊት ወጥቶ ይታያል። እንግዲህ ጥልቀትን ለማየት ቅርጹን አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልግም ማለት ነው። መነጽሩ ቢገለበጥ ያው ቅርጽ ወደ ኋላ ይርቃል።

የነገሩ ጥቅም ከጨዋታ ያልፋል። አንድ ዐይኑ የደከመበት ሕፃን የተሰወረውን ቅርጽ ለማየት ስለሚቸገር፣ የዐይን ሐኪሞች ይህን ዘዴ ለምርመራ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ መነጽሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ምንም ያልታየው ተማሪ ቢኖር፣ ዐይኑን ቢያስመረምር መልካም ነው እንላለን።