ድንበር የሚጠበቀው ከማን ነው?

ባለፈው ኅዳር ወር የትምህርት ቤታችን የክርክር ማኅበር «ሕገ ወጥ ስደትን ለማስቀረት ድንበርን መዝጋት ይበቃል ወይስ አይበቃም?» የሚል ርእስ አቅርቦልን ነበር። እኔ የቆምሁት «ይበቃል» ከሚለው ወገን ነው። ድንበር የቤት አጥር ነው፤ አጥር የሌለው ቤት የጅብ መፈንጫ ይሆናል እያልሁ ጮኽሁ። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ፤ ዳኞችም ፈረዱልን። ማታ ቤት ገብቼ ድሌን ለአክስቴ ልጅ ባወራሁለት ጊዜ ግን ፈገግ አለና «የምትዘጉት ድልድዩን ነው ወይስ ጫካውን?» ሲል ጠየቀኝ። ምን ማለቱ እንደ ሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ጥያቄ ነው።

መጽሔታችን ደጋ ላሉ ዘመዶቻችንም የሚደርስ ስለ ሆነ፥ አገሩን የሚያውቁ አንባቢዎቼ ታግሠውኝ ከቦታው ልጀምር። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ቁልቁል የወረደ ሰው ሙቀቱ እየጨመረ፥ የዕጣን ዛፉና የሰሊጡ እርሻ እየበዛ ሲሄድ ሸሕዲ ይደርሳል። ከተማችንን ገንዳ ውሃ ብለውም ይጠሯታል። ከዚህ እስከ መተማ ዮሐንስ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመተማ ዮሐንስ ጫፍ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ አለ፤ በላዩም አንድ አጭር ድልድይ ተሠርቷል። ከድልድዩ ወዲያ ያለው ከተማ ገላባት፥ አገሩም ሱዳን ይባላል። ስለ ድንበር ሲወራ ብዙ ሰው በሐሳቡ የሚያየው ይህን ድልድይ ነው። ነገር ግን ድልድዩ ጥቂት እርምጃ ሲሆን፥ ከሰሜን እስከ ደቡብ ያለው ቆላ ግን በእግርም በበቅሎም አያልቅም።

መተማ ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ስፍራ መሆኑን ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ተምረናል። ከዚያ አስቀድሞ ግን መተማ የታወቀ ገበያ ነበር። ገበያውን ይዘው የኖሩት ተክሩሮች፥ ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር በኩል ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ በዚህ የቀሩ ተሳላሚዎች ነበሩ፤ እነርሱም ዛሬ በምንናገረው ቋንቋ ስደተኞች መሆናቸው ነው። በዚያ ገበያ ቡናና ጥጥ፥ ፈረስና ሰም ይሸጥ ነበር፤ ከደጋ የተነዱ ባሮችም ይሸጡበት ነበር። ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። በሰው መነገድ ለዚህ መንገድ እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ወሰኑ በወረቀት ላይ የሰፈረው ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዙ ወኪል ሃሪንግተን በግንቦት 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈራረሙት ውል ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሻለቃ ግዊን የተባለ የእንግሊዝ መኰንን መሬት ላይ ምልክት አደረገ። ከእርሱ ጋር የኢትዮጵያ ተወካይ አልነበረም የሚለው ክርክር ግን እስከ ዘመናችን ዘልቋል።

ወሰን ቢሰመርም ሥራው ወሰን አያውቅም። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ከዘገየ ቆቡ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ወደ መተማና ወደ ቋራ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዛት ለማያውቅ ሰው ይገርማል። እርሻ ላይ ያድራሉ፤ ወባና ካላዛር ይዟቸው የሚመለሱ አሉ። የገዳሪፍ ባለ እርሻዎችም በዚያው ወራት ሰው ይፈልጋሉ። ወዲያ ያለው ክፍያ ሲሻል ሠራተኛው ይሻገራል፤ አጭዶ ገንዘቡን ይዞ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሰው በክርክሬ ጊዜ «ሕገ ወጥ ስደተኛ» ብየዋለሁ። ወረቀት አልያዘምና በሕግ ፊት ተሳስቶ ይሆናል። ነገር ግን የሄደው ለሰሊጥ ነው፤ ለገናም ቤቱ ነው።

የአክስቴ ልጅ የሄደው እንዲህ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ወር ከአንድ የሰፈር ጓደኛው ጋር ሆኖ ለማንም ሳይናገር ጠፋ። አክስቴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በኋላ እንደ ነገረኝ፥ ደላላው መጀመሪያ የጠየቃቸው ሁለት ሁለት ሺህ ብር ብቻ ነበር። «የቀረውን ሠርታችሁ ትከፍላላችሁ» አላቸው። እኔ ርኅራኄ መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን «ወጥመዱ እዚያ ላይ ነው» አለኝ። ሰውየው ገንዘቡን አስቀድሞ ቢቀበል ኖሮ ደንበኛ ይሆኑ ነበር፤ በዱቤ ስለ ወሰዳቸው ግን ዕዳ ሆኑ፤ ዕዳም ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። ቀን በአንድ ጓሮ ተደብቀው ዋሉ፤ ሌሊት ኬላውን በሩቅ ዞረው በጫካ ተጓዙ። ወዲያ ማዶ ሌላ ሰው ተቀበላቸው፤ ገዳሪፍ ደግሞ ሌላ። የፊተኛው የኋለኛውን ስም አያውቅም። አንዱ ቢያዝ ሰንሰለቱ የማይበጠሰው ስለዚህ ነው።

ካርቱም ሲደርሱ ሁለቱ ተለያዩ። የአክስቴ ልጅ ትኩሳት ይዞት በአንድ ምግብ ቤት ሳህን አጣቢ ሆኖ ቀረ። ጓደኛው በበረሃው ወደ ሊቢያ አለፈ። ከሁለት ወር በኋላ ለአባቱ ስልክ ተደወለ። ልጁ እያለቀሰ ተናገረ፤ ከኋላው የዱላ ድምፅ ይሰማ ነበር። ያለበትን ስፍራ በኒ ወሊድ አለው፤ እንዲህ ባለው ሥራ ስሙ የታወቀ የሊቢያ ከተማ ነው። አንድ መቶ ሃምሳ ሺህ ብር ካልመጣ እንደሚገድሉት ነገሩት። አባትየው ሁለት በሬዎቻቸውን ሸጡ፤ ገና ያልታጨደውን ሰሊጣቸውንም ለነጋዴ በርካሽ አስቀድመው ሸጡ፤ የቀረውን የሰፈሩ ሰው አዋጣላቸው። ገንዘቡ ተላከ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አልተደወለም።

እዚህ ላይ ሕጉ ምን እንደሚል ለመረዳት ጥቂት መጻሕፍት አገላበጥሁ። በክርክራችን ሁላችንም አንድ አድርገን ስንጠራቸው የዋልናቸው ነገሮች ለካ የተለያዩ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1993 ዓ.ም. ያጸደቃቸው ሁለት የፓሌርሞ ፕሮቶኮሎች አሉ፤ አንደኛው ስለ በሰው መነገድ፥ ሁለተኛው ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ስለ ማሻገር ነው። በሰው የሚነግደው በማታለል ወይም በማስገደድ ሰውን ይዞ ሊበዘብዘው የሚያስበው ነው፤ ድንበር ባያሻግረው እንኳ ወንጀለኛ ነው። አሻጋሪው ግን ገንዘብ ተቀብሎ ያለ ፈቃድ ያሻግራል፤ ተሻጋሪውም ወድዶ ተከትሎታል። ሁለተኛው ፕሮቶኮል፥ ተሻጋሪው በመሻገሩ ብቻ በዚሁ ስምምነት መሠረት እንደ ወንጀለኛ አይከሰስም ይላል። አገሮች ግን በየራሳቸው የመግቢያና የመውጫ ሕግ ሊጠይቁት ይችላሉ። በአገራችንም መጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 909/2007፥ በኋላም እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሁለቱን ወንጀሎች ለይተው ይደነግጋሉ።

በወረቀት ላይ ልዩነቱ ግልጥ ነው። በመንገድ ላይ ግን አንዱ ወደ ሌላው ይለወጣል። የአክስቴ ልጅና ጓደኛው ከሸሕዲ ሲወጡ ወድደው የሄዱ ተሻጋሪዎች ነበሩ። ጓደኛው በኒ ወሊድ ሲደርስ የተሸጠ ሰው ሆነ። በየትኛው ሌሊት፥ በየትኛው መኪና ላይ እንደ ተለወጠ እርሱ ራሱም አያውቅም።

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ሠላሳ የሚያህሉ ወገኖቻችን በአሸባሪዎች እጅ ሲገደሉ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጆ ነበር። ከዚያ በፊት በመስከረም 2006 ዓ.ም. በጣልያን ደሴት በላምፔዱዛ አጠገብ አንድ ጀልባ ሰጥሞ ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም የሚበዙት ኤርትራውያን ነበሩ። ይህ ሁሉ ተሰምቶ ሳለ ለምን ይሄዳሉ ብዬ የአክስቴን ልጅ ጠየቅሁት። «የሞቱትን ሬዲዮ ይነግርሃል፤ የደረሱት ግን ራሳቸው ፎቶግራፍ ይልኩልሃል» አለኝ።

አሁን ወደ ድልድዩ ልመለስ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመተማ በኩል በቀን አንድ ሺህ የሚያህል ሰው ይገባ ነበር፤ ከስድሳ በላይ የሆኑ አገሮች ዜጎች እንደ ነበሩባቸውም ተቈጥሯል። የአክስቴ ልጅ ከእነዚያ መካከል አንዱ ነው። ሌሊት በጫካ የወጣው ልጅ በጠራራ ፀሓይ በድልድዩ ላይ ተመለሰ። ስሙ ተመዘገበ፤ ውሃ ተሰጠው። ከጎኑ አንዲት ሱዳናዊት እናት ሁለት ልጆች ይዛ ነበር፤ አንደኛውን እርሱ ተሸክሞላት ተሻገረ። እርሱ ከስደት ተመላሽ ይባላል፤ እርሷ ደግሞ ስደተኛ ናት፤ ድልድዩ ግን ለሁለቱም አንድ ነበር።

የእርሷን መብት የሚናገረው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት የተፈረመው እዚሁ በአገራችን፥ በአዲስ አበባ፥ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። የ1951 የጄኔቫ ስምምነት (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ስደተኛ የሚለው በዘሩ፥ በሃይማኖቱ፥ በፖለቲካ አስተያየቱና በመሰለው ሁሉ ስደት ይደርስብኛል ብሎ የሚፈራውን ነው። የአዲስ አበባው ስምምነት ግን ጦርነትንና የጸጥታን መደፍረስ የሸሸውንም ጨመረ። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ መጣበት አስገድዶ መመለስ ክልክል ነው። የእኛም አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ይህንኑ ይከተላል። ለእነዚያ ሱዳናውያን በመተማ አካባቢ ኩመርና አውላላ የሚባሉ ጣቢያዎች ተከፍተውላቸው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን የአውላላ ስደተኞች በደረሰባቸው ዝርፊያና ጥቃት ጣቢያውን ለቀው ከመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰነበቱ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ሆኖም በአገራችን የሆነ ነገር ነው። ከእነርሱ በፊት የእኛ ሰዎች በሱዳን ስንት ጊዜ እንደ ተጠለሉ አባቶቻችን ያውቃሉ። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡና በጦርነቱ ዘመን ከጎንደር ወደ ሱዳን በእግር ከሄዱት ቤተ እስራኤል ብዙ ሺህ የሚሆኑት በመንገድና በካምፕ ሞተዋል።

እንግዲህ ድልድዩን ብንዘጋው ኖሮ የሚቀረው ማን ነበር? ያቺ እናትና የአክስቴ ልጅ ናቸው። ደላላው በድልድዩ ሄዶ አያውቅም። የአሜሪካ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. በሳን ዲዬጎ አጠገብ ያለውን የሜክሲኮ ድንበር በዘበኛና በአጥር ባጠበቀ ጊዜ፥ ተሻጋሪዎች ወደ አሪዞና በረሃ ዞሩ። በጥም የሞተው ሰው በዛ፤ የአሻጋሪዎችም ዋጋ ከፍ አለ። የአውሮፓ መንግሥታትም በኅዳር 2007 ዓ.ም. ሮማ ላይ «የካርቱም ሂደት» የተባለውን ንግግር ከእኛና ከጎረቤቶቻችን ጋር ጀመሩ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በማልታ ለአፍሪካ የገንዘብ ድጋፍ መደቡ። ገንዘቡ ለሥራ ፈጠራም ለድንበር ቁጥጥርም የታሰበ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ለሥራ የዋለው ብር ለዘበኛ ከዋለው ይልቅ ሰው ያስቀራል፤ ነገር ግን ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

ለተቃራኒዎቼ፥ ማለትም ለቀድሞው ለራሴ፥ ፍርድ ልስጥ። ድንበር ጥበቃ አያስፈልግም የሚል ሰው እዚህ አልኖረም። በዚህ መንገድ የጦር መሣሪያም ይገባል። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ወደ አልፋሽጋ በገባ ጊዜ የኢትዮጵያ ገበሬዎች ሰብላቸውን ጥለው ተፈናቅለዋል። አክስቴም ልጇ በጠፋ ሰሞን «ምነው አንድ ወታደር አስሮ በመለሰልኝ!» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ በዚያ ሌሊት በዚያ ጫካ አንድ ወታደር ቢኖር ኖሮ ሁለቱም ልጆች ጠዋት ቤታቸው ነበሩ። የምከራከረው በወታደሩ መኖር አይደለም። ልጁን ይዞ መልሶ ደላላውን ካልፈለገ፥ ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ዱቤ ይሄዳል ማለቴ ነው። ደላላውን ለማግኘት ደግሞ ልጁ ሳይፈራ መናገር አለበት። እስራት የሚጠብቀው ልጅ ግን አይናገርም። የአክስቴ ልጅ እስከ ዛሬ የዚያን ጓሮ ባለቤት ስም ለማንም አልተናገረም።

የጓደኛው አባት አሁንም በየሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በደጃችን ያልፋሉ። የአክስቴ ልጅ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ይስማል። «ወሬ አለ ወይ ልጄ?» ይሉታል፤ «የለም አባባ» ይላቸዋል።

ይህን ሁሉ ለክርክር ማኅበሩ መምህር ነግሬአቸው፥ በሚቀጥለው ዓመት ርእሱ እንደገና እንዲቀርብ ለመንኋቸው። እሳቸውም «በየትኛው ወገን ልትቆም ነው?» አሉኝ። በሁለቱም መቆም እንደ ተቸገርሁ፥ ጥያቄው ራሱ ሳይበላሽ እንዳልቀረ ነገርኋቸው። «እንግዲያውስ ጥያቄውን አንተ አስተካክለህ ጻፍልን» አሉኝ። ከዚህ ጽሑፍ ራስጌ ያለው እስካሁን የጻፍሁት ነው።