ስለ ትንኝ መከላከያ ቅባትና ስለ አጠቃቀሙ ሥርዓት

ክረምቱ አልፎ ውሃ በየስርጓጉጡ ሲያቁር የወባ ትንኝ እንደምትበዛ የቆላ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ይህችም ደካማ የምትመስል ፍጥረት ከ1950 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በሀገራችን ባዛመተችው ደዌ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ታሞ 150,000 የሚገመት ነፍስ ስላለፈ፣ ንክሻዋን የሚያስቀር ጥበብ ሁሉ በንቀት ሊታይ አይገባውም።

የምትነክሰው ሴቲቱ ብቻ ናት፤ ወንዱ የአበባ ወለላ ቀስሞ ሲኖር፣ እርስዋ ግን እንቁላልዋን ለማጎልመስ ደም ያስፈልጋታልና፣ እስትንፋሳችንን፣ የገላችንን ሙቀትና የላባችንን ጠረን ተከትላ በሠርክና በሌሊት ትመጣለች። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ለወታደሮቹ ያዋለው፣ በ1957 ደግሞ ለሕዝብ የተዳረሰው ዲት የተባለው መድኃኒት ትንኝዋን አይገድላትም፤ ማሽተቻዋን አውኮ ያርቃታል እንጂ። ስለዚህም ሳይቀባ የቀረው የቁርጭምጭሚት ዙሪያ ብቻ ቢሆን እንኳ እርሱን ፈልጋ ታገኘዋለች። በዕቃው ላይ የተጻፈው የመቶኛ ቁጥር የጥበቃውን ዘመን ርዝመት የሚያመለክት ሲሆን፣ ከ50 በመቶ በላይ የሆነው ይህ ነው የሚባል ትርፍ አይሰጥም።

ቅባቱ በተገለጠ ገላ ላይ በስሱ ይደረጋል፤ ከልብስ ሥር፣ በቁስልና በተቆጣ ቆዳ ላይ አይደረግም። ፊትን በመዳፍ አድርጎ፣ ዓይንንና ከንፈርን ሸሽቶ ማበስ እንጂ መርጨት አይገባም፤ የፀሐይ መከላከያ የሚቀባም ሰው እርሱን ያስቀድም። ስለ ሕፃናት ግን አጥብቄ መናገር እወዳለሁ፤ ወላጆች ከፍቅር የተነሣ ሊያበዙባቸው ይችላሉና። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይቀባም፤ መጠለያው አጎበር ነው። ከፍ ያለውንም ልጅ አዋቂ ይቀባዋል እንጂ ራሱ አይቀባም፤ እጁ ወደ አፉና ወደ ዓይኑ ስለሚሄድም መዳፉ ይተዋል። ከሎሚ ሽታ ባሕር ዛፍ የሚወጣው መከላከያ ከዕፅ ስለተገኘ ብቻ ገራም ቢመስልም፣ ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሆንም። ለልብስ የተዘጋጀው ፐርሜትሪንም በልብስ ላይ ይቅር። ወደ ቤት ሲገቡ የተቀባውን ገላ በውሃና በሳሙና መታጠብ ይገባል።

ለተኛ ሰው በመድኃኒት የተነከረውን አጎበር ይህ ቅባት አይተካውም። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በድሬዳዋ የተዛመተውን የዴንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትነክስ ስለሆነች፣ አጎበር ተሰቅሎ በሚውልበት በዚያ ሰዓት ለቆመና ለሚሠራ ሰው የቅባቱ ጥቅም ጎልቶ ይታያል፤ ይህችው ትንኝ የምትራባውም በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነውና፣ በየቤቱ ያለው በርሜልና እንስራ ዘወትር ይከደን።