የታቀፈች ዶሮና የላሊበላ መንገደኛ

በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ይልቁንም በደብረ ታቦር ዙሪያ በፋርጣና ከዚያም ወዲያ በጋይንት፣ ጾመ ነቢያት ከተጋመሰ በኋላ በዓለ ልደትን በቅዱስ ላሊበላ ለማክበር የተነሣ ተሳላሚ ስንቁን ቋጥሮ፣ በነፋስ መውጫ አልፎ፣ ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ታጥፎ ሲጓዝ፣ ለከብቱ እረኛ፣ ለቤቱም ጠባቂ ሳያበጅ አይወጣም፤ ዶሮዋን ግን «ጭራ ትበላለች» ብሎ እንዲያው የሚተዋት ብዙ ነው። ዶሮ በበኩሏ እንቁላል ስትጥል፣ ስትታቀፍና ጫጩት ስትመራ ጠባይዋ ለየቅል ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት ጥበቃ የምትተዳደር ፍጥረት አይደለችም፤ ከሦስቱም ለመንገደኛ የምትመቸው የታቀፈችዋ ናት ብል አንባቢ ይገረም ይሆናል።

የአገራችን ዶሮ ከ10 እስከ 20 የሚደርስ እንቁላል በተከታታይ ከጣለች በኋላ መጣሏን አቁማ፣ ላባዋን ነፍታ፣ ድምጿን ለውጣ፣ እጁን የሚዘረጋባትን ሁሉ እየነከሰች ከጎጆዋ አልነሣም ትላለች። ለዚህ የሚያበቃት ከአንጎሏ ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ የሚመነጨው ፕሮላክቲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ 21 መዓልትና ሌሊት ታቅፋ ስትቀመጥ፣ በቀን አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ወርዳ ጥቂት ጥሬ ትለቅማለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ኩሷን ትጥላለች፣ በአመድ ተንከባላ ትመለሳለች። እንግዲህ «እትዬ፣ አደራዎን» የተባለች ጎረቤት በቀን አንዴ ብቅ ብላ እፍኝ ገብስና ንጹሕ ውኃ ብታኖርላት፣ ማታም በሩን ከሸለምጥማጥ ብትዘጋላት ይበቃታል። እንቁላል በመጣል ላይ ያለችው ግን እንቁላሏ በየዕለቱ ካልተነሣ፣ አሮጌውንና ትኩሱን አደባልቃ ልትታቀፍ ትችላለች። (ጎረቤቲቱም ጿሚ ናትና ስለ ድካሟ የሚተውላትን እንቁላል ትሸጠዋለች እንጂ አትበላውም።)

ዋናው ነገር የቀን ቆጠራው ነው። ታኅሣሥ 8 ቀን እንቁላል ያሳቀፈች ሴት ጫጩቶቿ የሚፈለፈሉት ታኅሣሥ 29፣ እርሷ በላሊበላ ቆማ በምታስቀድስበት ዕለት ነው፤ ይህም ከቀኖች ሁሉ የከፋው ቀን ነው። ጫጩት ከቅርፊቱ ሲወጣ የአስኳሉን ትራፊ ወደ ሆዱ ስቦ ስለሆነ፣ ሁለት ሦስት ቀን ያለ መብል ሊቆይ መቻሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን እናቲቱ ከጎጆ አውርዳ ደጅ ማውጣት ስትጀምር ቀን ጭልፊቱ፣ ሌሊት የደብረ ታቦር ብርድ ይጠብቁታልና፣ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ብቅ ብሎ የሚመለስ ጎረቤት ሳይሆን ከቤት የማይጠፋ ሰው ነው። ታኅሣሥ 12 ቢታቀፍ ግን 19 ላይ እንቁላሉን መርምሮ፣ በ20 ጉዞ ጀምሮ፣ ከበዓሉም በኋላ በመኪና እስከ ጥር 2 ቤት ገብቶ፣ በማግሥቱ የሚፈለፈለውን መቀበል ይቻላል።

ምርመራው በሰባተኛው ቀን ሌሊት የሚደረግ ነው። በጨለማ ክፍል እንቁላሉን ከባትሪ መብራት ፊት ቢይዙት፣ ሕይወት ያለበት እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች ይታዩበታል፤ ባዶው ግን ጠርቶ ብርሃኑን ያሳልፋል። ባዶው መነሣት አለበት፤ ሰንብቶ ሲገማ ፈንድቶ ጎጆውን ሊያበላሽ ይችላልና። ከመጀመሪያው የሚታቀፈው እንቁላልም ከ10 ቀን ያላለፈው፣ ያልታጠበና ያልተሰነጠቀ ሆኖ፣ ለአንዲት የአገር ዶሮ ከ10 እስከ 13 ቢሆን መልካም ነው፤ በእያንዳንዱም ላይ በከሰል ምልክት ቢደረግ፣ ሌላ ዶሮ ገብታ የጣለችበትን ጎረቤቲቱ ለይታ ታወጣዋለች።

ጠባቂ ላልተገኘለት ቤት ዶሮዋን ከመታቀፍ ማስተው ይሻላል። በየሰፈሩ የተለመደው እግሯን አስሮ ቁልቁል ማንጠልጠል፣ ወይም ላባ በአፍንጫዋ ማሳለፍ ነው፤ ለኔ ግን ጭካኔ ብቻ ሆኖ ይታየኛል። ጉዝጓዝ በሌለው፣ ነፋስ ከሥሩ በሚያልፍበት ከፍ ያለ ቅርጫት ውስጥ፣ ከነመብሏና ከነውኃዋ ሦስት አራት ቀን ብትከርም፣ ሆዷ ሲበርድ ምኞቷም ይበርዳል።

ሳይታቀፍ ስለሚቀረው እንቁላል ደግሞ እንናገር። ጾሙ ኅዳር 15 ስለሚገባና ጥሉላት ስለማይቀመስ፣ ዶሮዋ የምትጥለው ሁሉ ይጠራቀማል፤ ዋጋውም ይወርድና በዓሉ ሲቃረብ መልሶ ይወጣል። ቅርፊቱ በሺህ የሚቆጠሩ ረቂቅ ቀዳዳዎች አሉት፤ በእነዚህም እርጥበቱ ቀስ በቀስ እየወጣ በወፍራሙ ጫፍ ያለው የአየር ክፍል ይሰፋል። እናቶች በጤፍ ውስጥ ቀብረው፣ ከምድጃ ርቆ በቀዘቀዘው የቤቱ ጥግ ማኖራቸው ብልኃት አለው፤ እህሉ የቀንና የሌሊቱን ሙቀት ያቻችላል፣ ከስብራትም ያድናል። እንቁላሉን ማጠብ ግን ቀዳዳውን የሚደፍነውን ስስ ሽፋን ማንሣት ነውና ይቅር። በዚህ ረገድ ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ የሆነው ደብረ ታቦር ራሱ ማቀዝቀዣ ሲሆን፣ ቁልቁል ወርደው ወረታና ፎገራ ሜዳ ሲደርሱ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ግድም ሲያልፍ፣ አውራ ያገኛት ዶሮ የጣለችው እንቁላል ማንም ሳይታቀፈው በውስጡ ያለው ዘር መነቃቃት ይጀምራልና፣ የቆላው እንቁላል በቶሎ ቢሸጥ ይሻላል።

ከጉዞ የተመለሰ ሰው የሰነበተውን እንቁላል ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ አንድ በአንድ ይጨምረው። ወርዶ የተጋደመው ትኩስ ነው፤ ወፍራም ጫፉን አንሥቶ የቆመው ሰንብቷልና ሰብረው አሽትተው በሚገባ ያብስሉት፤ የተንሳፈፈው ይጣል። ለዶሮ ወጥ የሚቀቀለው እንቁላል ጥቂት የሰነበተ ቢሆን እንኳ ይመረጣል፤ የዛሬው ትኩስ ሲላጥ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ይቦጨቃል፣ የሳምንቱ ግን ልጡ በቀላሉ ይለቃል።